ለአለቃ የሚሆን ጎረቤት

ካፒቴኑ ባሕር አይቶ አያውቅም። ፊቱ ላይ ወርቅማ መልሕቅ ያለበትን ነጭ ቆብ የሰጠው አንድ ደንበኛው ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ካፒቴን ይለዋል፤ እሱም ጠዋት የዓሣ ሱቁን ከፍቶ ቆቡን አናቱ ላይ ሳይደፋ መብራት አያበራም። ሠላሳ ዓመት የቤት ዓሣ ሸጧል። ነጋዴ ከሚሉት ግን የጋብቻ ሽማግሌ ቢሉት ይቀላል። ዓሣ ሊገዛ የመጣን ሰው "የትኛውን ላውጣልህ?" አይለውም፤ "ቤት ውስጥ ማን አለ?" ነው የሚለው። መልሱ ካልጣመው ደንበኛውን ባዶ እጁን ይሸኘዋል።

ይህን ሰው የዋሸችው ሴት በከተማው የውኃ ላቦራቶሪ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራች ናት። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ያልለካችውን ቁጥር ጽፋ አታውቅም። ወጣቶቹ ባልደረቦቿ "ከእሷ ጋር ከመከራከር ከሚዛኑ ጋር መከራከር ይሻላል" ይላሉ፤ ይህን መስማቷን ባያውቁም ሰምታለች፤ ደስም ብሏታል።

ከካፒቴኑ ጋር ያስተዋወቃት ባሏ ነበር። ባሏ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሳሎኑ ውስጥ አራት መቶ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ትቶላታል፤ በገንዳው ውስጥ ደግሞ አለቃን። አለቃ ሲክሊድ ከሚባሉት ዓሦች ወገን ነው፤ ስንዝር ተኩል ይረዝማል፣ ግንባሩ ያበጠ፣ ገላው እንደ ዛገ ብረት የቀላ። ከእሱ ጋር እንዲኖር የገባ ዓሣ ሁሉ ወይ ተነክሶ ወጥቷል፣ ወይ አልወጣም።

አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ ካፒቴኑ ደውሎ አስጠራት። ሱቁ ስትደርስ ግማሹ ግድግዳ በኖራ መስመር ተከፍሎ አገኘችው። የሕንፃው ባለቤት ደረጃውን ሊያሰፋ ስለሆነ ከመስመሩ ወዲያ ያለው ሁሉ ይፈርሳል።

"እህቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው" አላት። "እምቢ ብትዪኝ አልቀየምም፤ ብቻ ለሁለት ሳምንት አላናግርሽም።"

"ምን ሆነው ነው ጋሼ?"

"እሜቴን ውሰጂልኝ።"

እሜቴ የሱቁ አሮጊት ናት፤ ቆዳዋ እንደ ጋሻ የደደረ፣ ጢሟ የረዘመ አምባዛ። ከመስመሩ ወዲያ ባለው ትልቁ ገንዳ ወለል ላይ አሥራ አንድ ዓመት ስትጠርግ ኖራለች። ስንት ሰው ሊገዛት ጠይቆ "አክስትህን ትሸጣለህ?" ተብሎ ተመልሷል።

"ከአለቃ ጋር? ምን አድርጋዎት ነው ጋሼ?"

ካፒቴኑ ሳቀ። ከመሳቢያው ጠርዙ የተበላ ወፍራም ደብተር አወጣ። ማን ከማን ጋር እንደገባ፣ ስንት ቀን እንደተስማሙ፣ ማን እንደሞተና ለምን እንደሞተ ሠላሳ ዓመት የጻፈበት ነው። ምክር የሚሰጠው ከዚያ እያየ ነው። ክንዱን ዘርግቶ አየው፣ አስጠግቶ አየው፣ ከዚያ ወደ እሷ ገፋው። "አንቺ አንብቢልኝ፤ ዓይኔ ላይ ጭጋግ ወርዷል።"

አነበበችለት። እንደ አለቃ ያለ ዓሣ እንደ እሜቴ ካለች ጋር አራት ጊዜ ገብቷል፤ አራቱም ጊዜ ሰላም።

"አየሽ" አላት፣ "ሰው ለቁጡ ዓሣ ጓደኛ ሲመርጥ ትንሽና ጨዋ ይፈልጋል። ስህተት! ትንሹን ይውጠዋል፣ ጨዋውን ያሳድደዋል። እሱን የሚመስል ካመጣሽበት ደግሞ ባላንጣ መጣብኝ ይላል። ቁመቱ የሚመጥነው፣ መልኩ የማይመስለው፣ ሲገፉት የማይሸሽ፣ ሳይነኩት የማይነካ ነው የሚፈለገው። ደግሞም ፎቅና ምድር ቤት መካፈል አለባቸው። እሱ መሐል ላይ ይንጎራደድ፤ እሷ ከመሬት አትነሳም።"

"ቢነክሳትስ?"

"ድንጋዩን ካዞርሽው አይነክሳትም። ቁጡ ዓሣ የሚጣላው ለቤቱ ነው። ስለዚህ ቤቱን አፍርሺበት። እሱን አውጥተሽ ሳፋ ውስጥ አሳድሪው። ድንጋዩን ሁሉ አንሺና እንደ አዲስ ደርድሪ። ከዚያ መጀመሪያ እሷ ትግባ፣ በነጋታው እሱ። ሲመለስ ቤቱ አገሩ አይሆንም፤ እሱም እንግዳ፣ እሷም እንግዳ። ሁለት እንግዳ አንድ ሶፋ ላይ ሲቀመጥ አይተሽ አታውቂም? 'እርስዎ ይቅደሙ' ሲባባል ነው የሚውለው።"

"ድንጋዩን ሁሉ?" አለች።

"አንዱም በነበረበት እንዳይቀር።"

"እሺ ጋሼ።"

እሺታዋ ቶሎ ወጣ። ካፒቴኑም ደስ ብሎት አንድ ነገር ጨመረ። አንድ የጥርስ ሐኪም ደንበኛ አለው፤ የክሊኒኩ ማረፊያ ክፍል ውስጥ የአለቃ ዓይነት ጉድ ያስቀመጠ። እሱም ጓደኛ ፈልጎለታል፤ ካፒቴኑ ግን የእሷን ውጤት ሳያይ ሊሰጠው አልፈለገም። "አንቺ ጋ ከሠመረ እሱም ጋ ይሠምራል። የሚለካ ሰው እጅ ላይ ነው የምሞክረው" አላት። ሚዛን መባሏ ትዝ ብሏት ፈገግ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራዋን እንደ ሥራ ያዘችው። የውኃውን ሙቀት ለካች፤ አሲዱን ለካች፤ ጨዉን ለካች። እሜቴ ከመጣችበት ውኃ ጋር አስተያየች፣ ልዩነቱን ቀስ በቀስ አጠበበች። አለቃን በትልቁ መረብ ጠልፋ ሳፋ ውስጥ ጨመረችው፤ ሲፈራገጥ ከአገጯ እስከ ጉልበቷ አራሳት። ሳፋውን በጣውላ ከደነች። ከዚያ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበችና ክንዷን ወደ ገንዳው ሰደደች።

ድንጋዮቹ ሰባት ናቸው። አምስቱ ቆመዋል፣ አንዱ ተጋድሟል፤ ከሁሉ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ደግሞ እንደ ጣሪያ ሆኖ ከሥሩ የአለቃን ዋሻ ሠርቷል። ጠፍጣፋው ወደ ግራ ትንሽ ይዘማል። ባሏ ሲያስቀምጠው "ጠሟል፤ ቅዳሜ አስተካክለዋለሁ" ብሎ ነበር። ቅዳሜ ሆስፒታል ነበሩ።

መዳፏን ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አሳረፈች። ላዩ በአረንጓዴ ሽበት ተሸፍኗል፤ ያንሸራትታል። ትንሽ ቆየች። ከዚያ እጇን አወጣችና በፎጣ ጣት በጣት አደረቀችው።

ያልተማረ ሰው ራሱን ሲያታልል ዝም ብሎ ነው፤ የተማረ ግን በምክንያት ነው። ዋናው ነገር ለእሜቴ መሸሸጊያ ማግኘት ነው፤ መሸሸጊያ ደግሞ በሌላ መንገድም ይገኛል፤ ሁለት ዋሻ ካለ ጠብ የለም፤ ብላ አሰበች። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ሰፊ የሸክላ ቧንቧ ገዝታ መጣች፣ ቀቀለችው፣ በተቃራኒው ጥግ አስቀመጠችው። ከዚያ እሜቴን ለቀቀቻት። አሮጊቷ በወለሉ ላይ ጢሟን እየጎተተች ቧንቧውን አሸተተችና አለፈችው። ቀጥ ብላ ጠፍጣፋው ድንጋይ ሥር ገባች።

ማምሻውን ካፒቴኑ ደወለ።

"ገባች?"

"ገባች ጋሼ።"

"ድንጋዩን አዞርሽው?"

ታናሽ እህቷ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ቁልፍ ትተክል ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ አብራት ትኖራለች። ስልኩ ከሩቅ ይሰማል።

"አዙሬዋለሁ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

እህቷ ቀና ብላ ገንዳውን አየች፤ ከዚያ እሷን አየች፤ ከዚያ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ብትናገር ይሻል ነበር።

እሑድ አለቃ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ድንጋዩ ያው ነው፣ ዋሻው ያው ነው፤ ዋሻው ውስጥ ግን ሰው ገብቶበታል። ሁለቴ ዞረ። ከዚያ ዋሻው አፍ ላይ ቆመ፤ ሰኞም እዚያው ነበር፣ ማክሰኞም። እሜቴ ከውስጥ አትወጣም፣ እሱ ከደጅ አይሄድም። ውጊያ ስላልነበረ ለካፒቴኑ "ተስማምተዋል" አለችው። ካፒቴኑ በስልክ ውስጥ ሲያፏጭ ሰማችው።

ረቡዕ ለእራት ሲቀመጡ እህቷ በሹካዋ ወደ ገንዳው ጠቆመች። "እታለም፣ ይኼ ሰላም አይመስለኝም።"

"ይላመዳሉ።"

"እስር ቤት በር ላይ የቆመው ፖሊስም ከእስረኛው ጋር ተላምዷል።"

"አንቺ ስለ ዓሣ ምን ታውቂያለሽ?"

"ስለ ዓሣ አላውቅም" አለች እህቷ፤ "ስለ በር ግን አውቃለሁ።"

ዓርብ ከሥራ ስትመለስ እሜቴ ከዋሻው ወጥታ ነበር። ማጣሪያው ሥር በጎኗ ተኝታለች። ክንፎቿ ተበልተው አጥንታቸው እንደ ተፈታ ክር ቀርቷል። ያ እንደ ጋሻ የደደረ ቆዳ አልተነካም፤ አለቃ ቆዳ የሌለበትን ቦታ ፈልጎ ነው የነከሰ። አንድ ዓይኗ አልነበረም። ትተነፍስ ነበር። አውጥታ ለብቻዋ ንጹሕ ውኃ ውስጥ አስቀመጠቻት፣ ጨው መጥና ጨመረችላት፣ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። የምታውቀው ብዙ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እሜቴ መተንፈስ አቆመች።

ደወለች። "ጋሼ፣ እሜቴ ሞተች።"

ከካፒቴኑ ኋላ የሱቁ ፓምፖች ሲንፎለፎሉ ይሰማ ነበር።

"ነከሳት?"

"አዎ።"

ድንጋዩን እንዲጠይቃት ጠበቀች። አንዴ ብቻ ቢጠይቃት እውነቱን እንደምትናገር ለራሷ ቃል ገባች። አልጠየቃትም። ያመነ ሰው ደግሞ አይጠይቅም።

"እንግዲህ እኔ ነኝ" አለ። "አንቺ ያልኩሽን ሁሉ አድርገሻል። የእኔ ዘዴ ነው የገደላት። ለሐኪሙ ዛሬውኑ ልደውልለት፤ 'ተስማምተዋል' ስትዪኝ የላክሁለት ጓደኛ ባልዲ ውስጥ ተቀምጦ ነገን እየጠበቀ ነው። ተወው እለዋለሁ።" ቀጥሎም፣ "ነገ ጠዋት መጥቼ ገንዳውን ልየው። የት ላይ እንደሳትኩ ማወቅ አለብኝ" አለ።

ቅዳሜ በአራት ሰዓት እመጣለሁ ብሏል። በሁለት ሰዓት እጅጌዋን ሰበሰበች።

ቶሎ ቶሎ ነበር የሠራችው። ጠፍጣፋውን አነሳችው፤ እንዳሰበችው አልከበደም። የቆሙትን አጋደመች፣ የተጋደመውን አቆመች። ከሥራቸው የሁለት ዓመት ቆሻሻ ተነስቶ ውኃውን ሻይ አስመሰለው። አለቃ ግራ ገብቶት ከጥግ ጥግ ይንከራተት ጀመር፤ ካፒቴኑ እንዳለው፣ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነ።

እህቷ የጥርስ ብሩሽ አፏ ውስጥ እንዳለ ከኋላዋ መጥታ ቆመች።

"እታለም፣ ምን እየሠራሽ ነው?"

"እያጸዳሁ።"

"እኔን እንኳ መስታወቱን ከውጭ ስወለውል ትቆጪኝ አልነበር?" ብሩሹን ከአፏ አወጣች። ሰዓቱን አየች፣ ገንዳውን አየች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ለአሮጊቷ ያልነካሽውን፣ ለካፒቴኑ ነካሽው?"

ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ፤ እጇ ግን ውኃ ውስጥ ነበር፤ ሥራውንም አላቋረጠችም። ሰባተኛውን ድንጋይ ካስቀመጠች በኋላ ነው ድንጋዮቹ እንዴት እንደነበሩ በወረቀት ላይ እንኳ እንዳልሣለች የታወቃት። ጠፍጣፋው ወደ ግራ መዝመሙን ታስታውሳለች። ምን ያህል እንደዘመመ ግን አልለካችውም።

ካፒቴኑ በሰዓቱ መጣ። ቆቡን አላደረገም፤ ያለ ቆቡ አይታው ስለማታውቅ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ሌላ ሰው መስሏት ነበር። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዟል።

ገንዳው ፊት ወንበር ስባ አስቀመጠችው። አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋ። ውኃው ደፍርሷል፤ የድንጋዮቹ አረንጓዴ ፊት ወደ ታች ዞሮ ነጩ ሆዳቸው ወደ ላይ ሆኗል። ዓይን ላለው ሰው የዛሬ ጠዋት ሥራ መሆኑ ከበር ይታይ ነበር። ይህን አሁን ገና ልብ አለች።

"ጥላ ብቻ ነው የማየው" አለ ካፒቴኑ። "አንቺ ንገሪኝ። ዋሻው የት ነበር፣ አሁን የት ነው?"

"በቀኝ ነበር። አሁን… አሁን ዋሻ የለም።"

"ጎበዝ። ልክ ነው የሠራሽው።" ራሱን ነቀነቀ። "ከእኔ የተሻለ ነው የሠራሽው። ታዲያ ምን ጎደለ?" ደብተሩን ከፌስታሉ አውጥቶ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠላት፤ እስክሪብቶም ሰጣት። "ጻፊልኝ። ከዚያ ከአራቱ ሥር። በኋላ የሚመጣ ሰው እንዳይሳሳትበት።"

"ምን ብዬ ልጻፍ?"

"እውነቱን ነዋ። 'አንድ ቁጡ፣ አንዲት አምባዛ። ውኃው ተለክቷል። ድንጋዩ ሁሉ ተነስቶ እንደ አዲስ ተደርድሯል። በሰባተኛው ቀን ሞተች።' ከሥሩ ደግሞ፣ 'ይህ ዘዴ አይታመንም' በይ።"

ጻፈች። አንድ ቁጡ። አንዲት አምባዛ። ውኃው ተለክቷል። ጽሕፈቷ እንደ ላቦራቶሪው መዝገብ ቀጥ ያለና ንጹሕ ነበር። "ድንጋዩ ሁሉ" ብላ ጻፈችና እስክሪብቶው ቆመ። ከላይ ያሉት አራት መስመሮች በካፒቴኑ እጅ የተጻፉ ናቸው፤ ፊደላቸው ይንጋደዳል፤ ሁሉም ግን እውነት ናቸው።

"ጻፍሽው?"

"አልጻፍኩትም።"

"ቀለሙ አለቀ እንዴ?"

"ጋሼ፣ ድንጋዩን አላነሳሁትም ነበር። አነሳሁ ያልኩዎት ውሸት ነው።" ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆኖ ተሰማት። "ዛሬ ጠዋት ነው ያነሳሁት። እርስዎ እንዳያውቁብኝ።"

እህቷ ብርጭቆ ውኃ በሰሃን ይዛ በር ላይ ደርሳ ነበር፤ እዚያው ቆማ ቀረች።

ካፒቴኑ ፊቱን ከመስታወቱ አላነሳም። ዓይኑ ባያይም ወደሚያውቀው ቦታ፣ ዋሻው ወደነበረበት ጥግ ዞረ።

"እነዚህን ድንጋዮች ባልሽ ከወንዝ ሲያመጣ እኔም ነበርኩ" አለ በመጨረሻ። "ረስቼው ነው። 'አንሺ' ስልሽ ምን እያልኩሽ እንደሆነ አላሰብኩም።"

"እርስዎ ጥፋት የለብዎትም።"

"የለብኝም" አለ፤ ኮስተር ብሎ ነበር። "'ጋሼ፣ ድንጋዩን መንካት አልችልም' ብትዪኝ ምን እልሽ ነበር? 'ተይው' ነው የምልሽ። ለእሜቴ ሌላ ቤት እፈልግላት ነበር። ምክንያቱንም አልጠይቅሽም ነበር።" እጁ ራሱ ላይ ቆቡን ፈለገ፤ አጣው። "አሥራ አንድ ዓመት አብራኝ ነበረች እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ሌሊቱን ደብተሩን ላቃጥለው ሳስብ ነው ያደርኩት። ሠላሳ ዓመት ሰውን ሳሳስት ኖሬ ቢሆንስ ብዬ።"

ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ከነገሩ አነሰባት፤ ዘጋችው። ጎንበስ ብላ "ድንጋዩ ሁሉ" የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘች። በላቦራቶሪ ስህተት አይፋቅም፤ በሥሩ ያለው እንዲነበብ ሆኖ ነው የሚሰረዘው። ከጎኑ ጻፈችና ጮክ ብላ አነበበችለት። "ድንጋዩ አልተነሳም። አሳዳሪዋ አነሳሁ ብላ ዋሽታለች። በሰባተኛው ቀን ሞተች። ዘዴው አልተሞከረም።"

ካፒቴኑ አዳመጠ። "'ዋሽታለች' የሚለውን እንኳ ማንሳት ይቻላል" አለ።

"ይቅር፤ ይኑር።"

ደብተሩን ተቀብሎ ዘጋው። የቀረበለትን ውኃ ግማሹን ጠጣ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ቁጥሩን ሊፈልግ ዓይኑ ሥር ያዘው፤ አላገኘውም፤ ሰጣት። "ሐኪሙ ማታ 'ተወው' ብዬው አዝኖ ነው የዘጋው። ዓሣው አሁንም ባልዲ ውስጥ ነው። አንቺ ንገሪው፤ እኔ ዛሬ አንደበት የለኝም።"

ለማታውቀው ሰው ደወለች። ሐኪሙ አነሳ፤ ከኋላው የክሊኒክ ጫጫታና የሚያለቅስ ሕፃን ይሰማ ነበር። ስለ ሥራዋ ሳትናገር፣ ስለ ሁለቱ ዓመታት ሳትናገር፣ ካፒቴኑ ፊቷ ተቀምጦ እየሰማ፣ እህቷ በር ላይ ቆማ እየሰማች፣ ነገረችው። የካፒቴኑ ዘዴ ልክ ነው። አምባዛዋን የገደለችው እሷ ናት። ድንጋዩን አንሺ ተብላ አላነሳችም፤ አነሳሁ ብላም ዋሽታለች። እሱ ግን ሁሉንም ያንሳ፤ አንዱም በነበረበት እንዳይቀር።



"ስንት ድንጋይ ነበር?" አለ ሐኪሙ።

"ሰባት።"

"ከባድ ናቸው እንዴ?"

"አይደሉም" አለችው። "በአንድ እጅ ይነሳሉ።"